ቀበሮው ለምን ዞረ? የድሮ ተረት መጻሕፍት ሥዕሎችን የሚያውቅ ካለ

የሶስና እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ ለልጄ የኤዞፕን ተረት አነብላታለሁ። ሰባት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ከአንድ ዘመናዊ የልጆች መጽሐፍ ነበር የምናነበው። በኋላ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የጥንት መጻሕፍቶቻቸውን ፎቶ አንስተው ኢንተርኔት ላይ እንደሚለቁ አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ዘመናዊው አልተመለስንም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የታተመን ገጽ በሁለት ጣት እያሰፉ ማየት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቋንቋውን አናነበውም። ሥዕሉን እያየን ተረቱን በራሳችን አፍ እናወራዋለን።

ባለፈው ሳምንት ቀበሮውና ቁራው ላይ ደረስን። ታውቁታላችሁ፤ ቁራው አይብ በአፉ ይዞ ዛፍ ላይ ተቀምጧል፣ ቀበሮው ከሥር ሆኖ ያቆላምጠዋል። መጀመሪያ ያየነው ጀርመን አገር ኡልም ከተማ በ1476 ገደማ የታተመውን ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ)። ቀጥለን ከእሱ በኋላ የወጣ ሌላ እትም ከፈትን። ሶስና ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «እማዬ፣ ይሄ ያው ቀበሮ ነው። ግን ዞሯል» አለችኝ።

ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። እውነቷን ነው። ዛፉ ያው ነው፣ አቀማመጡ ያው ነው። ግን ሁሉም ነገር በመስታወት የታየ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ፈለግን፤ አራት ተረቶች ላይ እንዲሁ ሆኖ አገኘነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ለምን ይዞራል? ሆነ ብለው ነው? ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ ዘመን ስንመጣ እንስሳቱ ኮትና ባርኔጣ መልበስ ጀመሩ። ሶስና አንዱን አይታ «ይሄ ሰው ነው እንስሳ?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁላት። ከእነዚህ ሁሉ እትሞች ለልጅ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ቀለምና ቢላ፦

እህቴ፣ ልጅሽ ዓይን አላት። ሃያ ዓመት የህትመት ሥዕል አስተምሬያለሁ። ይህን ነገር ማንም ሳይነግረው በራሱ ያየ ተማሪ በጣት ይቆጠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንጨት የሚታተም ሥዕል ማህተም ማለት ነው። ቀራጩ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ይስላል። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ሁሉ በቢላ ቆርጦ ያወጣል። ሳይነካ ከፍ ብሎ የቀረው መስመር ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይጫንበታል። ወረቀቱ ሲነሳ የሰሌዳው ግራ ቀኝ ሆኗል።

አሁን ሌላ ከተማ ያለ አታሚ መጽሐፉን አየና ወደደው እንበል። የራሱን ቀራጭ ጠርቶ «ይህንኑ ሥራልኝ» ይለዋል። ቀራጩ የታተመውን ገጽ ፊቱ ያስቀምጥና ያየውን እንዳየው ሰሌዳው ላይ ይስለዋል። ሲታተም ቀበሮው ዞሮ ቁጭ! እንዳይዞር ከፈለገ አስቀድሞ ገልብጦ መሳል ነበረበት። ያ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ነው። ቀበሮው ወደ ቀኝ አየ ወደ ግራ አየ፣ ተረቱ ያው ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ አልተጨነቁበትም።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ይጋለጣል። ሥዕሉ ውስጥ ሰው ካለ እጁን እዪ። ገበሬው መጥረቢያውን በግራ እጁ ካነሳ ጠርጥሪ። በተረፈ የዞረ ሥዕል ስታዪ ቅጂ ነው ብትዪ ብዙ ጊዜ አትሳሳቺም። ያልዞረ ሁሉ ግን የመጀመሪያው ነው ማለት አይደለም። የቅጂ ቅጂ ሲሆን ተመልሶ ይቃናል።

ሌብነት ነው ወይ ብትዪኝ፣ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ያለ የቅጂ መብት አልነበረም። የእንጨት ሰሌዳ ራሱ ከአታሚ ወደ አታሚ ይሄድ ነበር። ያያችሁትን የኡልሙን መጽሐፍ ያዘጋጀው ሃይንሪሽ ሽታይንሄቨል የሚባል ሐኪም ነው። ላቲኑንም ጀርመንኛውንም አንድ ላይ አድርጎታል። ያተመው ዮሃን ዛይነር ነው። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ሥዕል አለው። ሰሌዳዎቹ ብዙም ሳይቆዩ አውግስቡርግ ከተማ ሄደው እዚያም ታተመባቸው። በ1480 ሊዮን ላይ በፈረንሳይኛ ሲወጣ ሥዕሎቹ ተቀዱ። ዊልያም ካክስተን ደግሞ ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1484 ዌስትሚንስተር ላይ ሲያትም የሊዮኖቹን አስቀዳ። አንድ ቀበሮ በስምንት ዓመት ውስጥ ከኡልም ተነስቶ በሊዮን አድርጎ እንግሊዝ ገባ ማለት ነው። እኔ ይህን ጉዞ ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

በነገራችን ላይ የኡልሙን የመጀመሪያ ሥዕል ለልጅሽ አሳያት። ኤዞፕ ራሱ ቆሟል። ጀርባው የጎበጠ፣ መልኩ ያላማረ ሰው ነው። ዙሪያውን ስለ ራሱ ሕይወት ከሚነገሩት ታሪኮች የተወሰዱ ነገሮች ከበውታል። «የትኛው ከየትኛው ታሪክ ነው?» እያላችሁ አንድ ማታ ሙሉ ትጫወቱበታላችሁ።

ከኡልምም የሚቀድም አለ። በ1461 አልብሬሽት ፊስተር ባምበርግ ላይ የኡልሪሽ ቦነርን የተረት መጽሐፍ በ101 የእንጨት ሥዕሎች አተመ። በጀርመንኛ ከታተሙ ባለ ሥዕል መጻሕፍት የመጀመሪያው እሱ ነው። አስቡት፤ የፊደል ህትመት ገና ልጅ ነው፣ እነሱ ግን ቀበሮና አንበሳ ሊያስገቡበት ይሯሯጣሉ። ከየሥዕሉ ጎን በጣቱ የሚጠቁም አንድ ሰው ቆሟል። ያው ሰውዬ፣ ያው ሰሌዳ፣ ገጽ በገጽ ይደጋገማል። «እዩት» የሚለን ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ለልጅ ከሆነ የእኔ ምርጫ ቶማስ ቢዊክ ነው። እንግሊዛዊ ነው፣ የኒውካስል ሰው። የኤዞፕ መጽሐፉ በ1818 ወጣ። ከእሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ እንጨቱን በርዝመቱ እንደ ሳንቃ ይቀርጹት ነበር። ቢላው የእንጨቱን ጭረት ሲያቋርጥ ይይዘዋል፤ ቀጭን መስመር ይሰበራል። ቢዊክ የሠራው ቦክስ በሚባለው በጣም ጠንካራ እንጨት ላይ ነው። ግንዱን አግድም አስቆርጦ፣ የዕድሜው ክብ ክብ በሚታይበት ፊት ላይ፣ ቢላ ሳይሆን የመዳብ ቀራጮች የሚይዙትን ሹል ብረት ይዞ ሠራ። ጭረት ስለሌለ ብረቱ ወደፈለገበት ይሄዳል። የወፍ ላባ፣ የውሻ ጸጉር፣ እርጥብ ሣር ሁሉ ወጣለት። ሩቅ ያለው ኮረብታ ፈዘዝ እንዲል ደግሞ የሰሌዳውን ፊት እዚያ ጋ በጥቂቱ ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ ያለው ቦታ ወረቀቱን የሚነካው በስሱ ነው። እኔ ይህን ልሞክር ብዬ ስንት ሰሌዳ አበላሽቻለሁ።

የቦክስ ግንድ ቀጭን ስለሆነ ሥዕሎቹ ትንንሽ ናቸው። ልጅ ግን ትንሽ ሥዕል ይወዳል። ተጠግቶ ያየዋል። ለሶስና አንድ ነገር ጨምሪላት፤ ቢዊክ ለዚያ መጽሐፍ ገዢዎች በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ የራሱ አውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል። ያም ተቀርጾ ነው።

ኮትና ባርኔጣውን እኔ አልወደውም። ቀበሮ ቀበሮ ሆኖ ሳለ ነው ማታለሉ የሚያምረው።

ባለ መነጽሯ፦

ጋሼ ቀለምና ቢላ፣ ስለ መዞሩ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። እድሜ ይስጥልኝ። ኮቱን ግን እንዲህ በአንድ መስመር አያልፉብኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በፈረንሳዊው ሠዓሊ በግራንቪል ሥዕሎች ያደግሁ ነኝ። ልሟገትልዎት ነው።

ግራንቪል እንስሳ መሳል አቅቶት አይደለም ልብስ ያለበሳቸው። ሥራው የፖለቲካ ካርቱን ነበር፤ ባለ ሥልጣን ላይ ይስል ነበር። በ1835 ፈረንሳይ ውስጥ በካርቱን ላይ ጥብቅ ሳንሱር የሚጥል ሕግ ወጣ። ካርቱን ሠሪዎቹ መውጫ አጡ፤ ብዙዎቹ ወደ መጽሐፍ ሥዕል ዞሩ። ግራንቪልም የፈረንሳዊውን ባለ ቅኔ የላ ፎንቴንን ተረቶች ይዞ በ1838 መጣ። እነዚያን ኮት የለበሱ ተኩላዎችና አንበሶች በዚህ ዓይን እዩአቸው። ሰውዬው በግልጽ መናገር የተከለከለውን ነገር ነው በጅራትና በጥፍር የሚናገረው። ተረት ራሱ መጀመሪያ የተፈለገው ለዚሁ አይደል? ኤዞፕ ባሪያ ነበር ይባላል። ባሪያ ጌታውን «አንተ ጅል» ማለት አይችልም። «አንድ አንበሳ ነበር» ማለት ግን ይችላል።

ስለዚህ የሶስና እናት፣ ልጅሽ «ሰው ነው እንስሳ?» ስትልሽ መልስ አጣሁ ማለትሽ አያሳስብሽ። ሠዓሊው ያ ጥያቄ እንዲነሳ ፈልጎ ነው የሳለው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የጉንዳኗንና የፌንጣዋን ተረት ያዢ። (ላ ፎንቴን ጋ ፌንጣ ሳትሆን ሲካዳ ናት፤ ዛፍ ላይ ሆና በጋውን ሙሉ የምትጮኸዋ ማለት ነው።) ግራንቪል ሁለቱን ነፍሳት ልብስ አለበሳቸው። ጉስታቭ ዶሬ ደግሞ በ1860ዎቹ መጨረሻ በወጣው የላ ፎንቴን እትሙ ነፍሳቱን ጨርሶ ተዋቸው። በትልቁ ሥዕሉ ላይ ሁለት ሴቶች ናቸው ያሉት። አንዷ ጊታር ይዛ ብርድ ላይ ቆማለች። ሌላዋ በሯ ላይ ሹራብ እየሠራች ታያታለች። ልጆች አሉ። ይህን ሥዕል ያየሁ ቀን ጉንዳኗን ጠላኋት። ከዚያ በፊት ጎበዝ ናት እያልኩ ነበር ያደግሁት። ስድስት እግር ያላት ጉንዳን ስትጨክን ማየትና ሰው ሲጨክን ማየት ይለያያል።

ለልጅ ዶሬን ማታ አላሳይም እንጂ። ጫካዎቹ ጨለማ ናቸው፣ ተኩላዎቹም ያስፈራሉ። ቀን ላይ ይሁን።

ቀለምና ቢላ፦

እሺ፣ የሳንሱሩ ነገር ትክክል ነው። ስለ ዶሬም አልከራከርሽም፤ ያቺን በር ላይ የቆመች ሴት እኔም አልረሳኋትም። ግን አንድ ሰው ሳትጠሪ ቀረሽ። ዣን ባቲስት ኡድሪ።

ኡድሪ የንጉሥ ሉዊ 15ኛን አዳኝ ውሾች የሳለ ሠዓሊ ነው። እንስሳ ከልቡ ያውቃል። ከ1729 እስከ 1734 ድረስ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ የላ ፎንቴንን ተረቶች ሲስል ቆየ። ወደ 276 ሥዕል! ሰማያዊ ወረቀት ላይ፣ በብሩሽ፣ በጥቁርና በነጭ ቀለም። ሥዕሎቹ ግን ሃያ ዓመት መጽሐፍ ሳይሆኑ ተቀመጡ። በመጨረሻ በአራት ትልልቅ ጥራዝ ከ1755 እስከ 1759 ታተሙ። ኡድሪ የሞተው የመጀመሪያው ጥራዝ በወጣበት በዚያው በ1755 ነው። የብሩሽ ሥዕል ለመዳብ ቀራጭ አይመችም፤ መስመሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታይም። ስለዚህ ኮሽን የሚባል ሌላ ሠዓሊ እያንዳንዱን በጥርት ያለ መስመር መልሶ ሳለው። ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ቀራጮች የተከፋፈሉት።

የኡድሪ እንስሳት ልብስ የላቸውም። ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ በረት አጠገብ ናቸው። ሆኖም ማን እየለመነ ማን እየዛተ እንደሆነ ከአንገታቸው ታውቂዋለሽ። እኔ ለሠዓሊ ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ኮት ማልበስ ግማሹን ሥራ ለልብስ ሰፊው መስጠት ነው።

መዳብ ካልኩ አይቀር፣ የሶስና እናት፣ አንድ ነገር ማወቅ ትፈልጊ ይሆናል። መዳቡ ከእንጨቱ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ የሚገባው የተቆፈረው መስመር ውስጥ ነው። እርጥብ ወረቀት በከባድ ሮለር ሲጫንበት ከጉድጓዱ ይጠጣዋል። ስለዚህ ከፊደሉ ጋር በአንድ ማተሚያ አይሄድም፤ ገጹ ሁለቴ መታተም አለበት። በ1668 የወጣው የመጀመሪያው የላ ፎንቴን መጽሐፍ ላይ ፍራንስዋ ሾቮ የሠራቸው ትንንሽ ሥዕሎች ከየተረቱ በላይ አሉ። ያ ሁሉ ገጽ ሁለት ማተሚያ አልፏል። ማርክ ኼራርትስ በ1567 ብሩዥ ላይ የሠራቸው ደግሞ በአሲድ ናቸው። መዳቡ ሰም ይቀባል፣ ሰሙ በመርፌ ይጫራል፣ አሲዱ የተጫረውን ይበላዋል። እጅ እንደ እርሳስ ነው የሚሄደው። ከእሱ ብዙዎች ቀዱ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ባርሎው አንዱ ነው። የባርሎው ኤዞፕ በ1666 ለንደን ውስጥ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ከተማዋ ተቃጠለች። በ1687 ሲደገም ከየሥዕሉ ሥር ግጥም የጻፈችው አፍራ ቤን ናት።

መዳብም ማህተም ነው። እሱም ይዞራል።

የብራና ወዳጅ፦

ስለ ኤዞፕና ላ ፎንቴን ብዙ ተባለ። ከሊላና ዲምናን ማንም ሳይጠቅስ ሊያልፍ ነው? እነዚያ ሁለት ቀበሮዎች ከሁሉም ይበልጣሉ እኮ፤ ዲምና ንጉሡን አንበሳና በሬውን ወዳጁን ያጣላል፣ አገር ያምሳል።

መነሻው የሕንድ ተረት ነው። ወደ ፋርስ ሄደ። ከፋርስኛው በ8ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አል ሙቀፋ ወደ ዓረብኛ መለሰው። ይህ ሰው በመግቢያው ላይ ሥዕሎቹ ለምን እንዳስፈለጉ ይናገራል። በልዩ ልዩ ቀለም የተሳሉት እንስሳት የነገሥታትን ልብ ደስ እንዲያሰኙ ነው ይላል። መጽሐፉ እየተወደደ ደጋግሞ እንዲገለበጥ፣ ሠዓሊውና ገልባጩም ምንጊዜም ሥራ እንዲያገኙ ነው ይላል። ለሠዓሊ ያሰበ ጸሐፊ! ስንት ሰው እንዲህ ያስባል?

ዛሬ በእጃችን ካሉት ባለ ሥዕል የዓረብኛ ቅጂዎች ቀዳሚው የ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ወርቁ እስከ ዛሬ ይበራል። ዳራ የሚባል የለም፤ ባዶ ወረቀት ላይ ሁለት እንስሳ ፊት ለፊት ቆመው ያወራሉ። ሳር አንድ ሁለት ዘለላ ብቻ። ልጅ የሚስለው ዓይነት ነው። እኔ ለሶስና መጀመሪያ የማሳያት ይህን ነበር።

የመዞሩ ነገርም እዚህ አለ፤ በእጅ የሚሳል ሆኖ ሳለ! የፋርስ ሠዓሊዎች አንድን ምስል ደግመው ሲፈልጉት በቀጭን ነገር ላይ ዳሩን በመርፌ ቀዳድተው የከሰል ዱቄት በላዩ ያራግፉበታል። ነጠብጣቡ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ይቀራል። ያንኑ ገልብጠው ቢያስቀምጡት ምስሉ ወደ ሌላኛው ጎን ያያል። ስለዚህ በአንዱ መጽሐፍ ወደ ቀኝ ያየው ፈረስ በሌላው ወደ ግራ ሲያይ ታገኙታላችሁ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የከሊላና ዲምና ተረቶች በጀርመንኛ በ1483 ከነሥዕላቸው ታትመዋል። የት መሰላችሁ? እዚያው ኡልም። ላ ፎንቴንም በ1678 ባወጣው ሁለተኛ ክምችቱ ላይ አብዛኛውን ያገኘሁት ከሕንዳዊው ጠቢብ ከፒልፓይ ነው ብሎ አመስግኗል። ሁለት ወፎች በትር በአፋቸው ይዘው ኤሊዋን በሰማይ የሚወስዷት ተረት ከዚያ የመጣ ነው። ኤሊዋ በትሩን ነክሳለች። መናገር የለባትም። ያን ሥዕል በዓረብኛውም በፈረንሳይኛውም ፈልጋችሁ ጎን ለጎን አድርጉት።

የሶስና እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ጋሼን። ሦስት ማታ ሙሉ በእናንተ መልስ ነው ያመሸነው።

የኤሊዋን ሥዕል አገኘን። ሶስና አፏን ገጥማ «እኔ ብሆን አልናገርም» እያለች በአፍንጫዋ ስታወራ ነበር። የባምበርጉን ጠቋሚ ሰውዬም ወዳዋለች። ሲደጋገም ባየችው ቁጥር ሰላም ትለዋለች። ዶሬን ቀን ላይ አየነው። እንደተባለው በር ላይ ያለችውን ሴት «ለምን አታስገባትም?» አለችኝ። እሷንም መልስ አላገኘሁላትም፤ አሁን ግን አላሳሰበኝም።

ዋናውን ልንገራችሁ። ማህተም ነው ያሉትን ስነግራት አላመነችም። ላጲስ አመጣን። ቀበሮውን ለእሷ ከባድ ስለሆነ እኔ ቀረጽኩት፤ እሷ ደግሞ በሌላ ላጲስ ላይ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ልቅረጽ አለች። በስክሪብቶ ክዳን ጫፍ ቆፍራ ቆፍራ «ሶ» አወጣች። ስታምፕ ቀለም ላይ ጫንነው፣ ወረቀት ላይ አሳረፍነው።

«ሳ» ሆኖ ወጣ።

እኔ ራሴ ደነገጥኩ። የግራው ረጅም እግር ወደ ቀኝ ሄዷል። እሷ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ ላጲሱን አየችው፣ መልሳ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ ምንም ሳትለኝ ሌላ ላጲስ አንስታ «ሳ» ብላ ቀረጸች። ሲታተም «ሶ»። በቀበሮው ሥር ተጭኗል፤ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይዛለች። የኡልሙ ቀራጭ ቀበሮውን መጀመሪያ እንጨቱ ላይ ሲስለው ወደየት አዙሮት ነበር? ኮምፒውተሩ ፊት ላጲሷን ይዛ ተቀምጣለች።

ቀለምና ቢላ፦

የስክሪብቶ ክዳኑን ከእጇ ተቀበያት፤ ጣቷን ይወጋታል። ጫፉ ደንዘዝ ያለ የሊኖ መቅረጫ ለልጅ የሚሆን አለ። ስትቀርጽ ሁልጊዜ ሌላኛው እጇ ከብረቱ በስተኋላ ይሁን፣ ፊት ለፊቱ አይሁን። እና ሲታተም የመጀመሪያውን ወረቀት አትጣዪው።